ባልመለስ የሚደወልለት ሰው

ሰው ሃምሳ አራት ዓመት ከሞላው በኋላ ባሕር ውስጥ ገደል መውረድ የሚጀምረው ወይ አእምሮውን ሲስት ነው፣ ወይ «ደህና ነህ?» ብሎ መልሱን የሚጠብቅ ሰው ሲያጣ። የመነጽር ሠሪው አእምሮ ደህና ነበር።

ሱቁ ከወደቡ ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ፣ በቁልፍ ቀራጭና በልብስ ማጠቢያ ቤት መካከል የተሸጎጠች፣ አንድ ሰው ሲገባባት ሁለተኛው ደጅ የሚጠብቅባት ዓይነት ናት። ፊት ለፊት የፍሬም መደርደሪያ፣ ከመጋረጃው ኋላ የሌንስ መፍጫው። መፍጫው ሲዞር ውሃ ይንጠባጠብበታል፤ ነጭ የመስታወት ዝቃጭ እስከ ክርኑ ይረጨዋል። ሠላሳ ዓመት የሰው ዓይን ሲያቃና ኖሯል። ዓይን ደግሞ ጉደኛ ነገር ነው፤ ከተቃና በኋላ ሁሉን ያያል፣ ያቃናውን ሰው ግን አያይም። ደንበኛው አዲሱን መነጽር አፍንጫው ላይ ያሳርፋል፣ በመስኮት የሰዓቱን ማማ ያያል፣ «አቤት አቤት!» ይላል፣ ይወጣል። መነጽር ሠሪው መጋረጃውን ገልጦ ወደ መፍጫው ይመለሳል። ሚስቱ ከሞተች ዘጠኝ ዓመት ሆኗታል። ልጅ የላቸውም። አንዲት ታላቅ እህት አለችው፤ ወደ እሷ ኋላ እንመለሳለን፣ እሱ ራሱም ሳይገደድ አያነሳትም።

ወደ ባሕሩ የከተተው ይኸው ሥራው ነው። የጠላቂዎች ማኅበር መሪ፣ ሁሉም «አለቃ» የሚሏት አጭርና ድምፀ ወፍራም ሴት፣ አንድ ቀን የመጥለቂያ መነጽሯን ይዛ መጣች። ሩቅ አታይም፤ ውሃ ውስጥ ዓሣው ሁሉ አንድ ዓይነት ሆኖባት ነበር። ሌንስ ፈጭቶ ከመስታወቱ ጋር አጣበቀላት። በሳምንቱ ፀጉሯ ገና ሳይደርቅ እየሮጠች ተመለሰች።

«ጋሼ፣ ምን እንዳደረጉልኝ ያውቃሉ? ሰባት ዓመት ሙሉ ድንጋይ ነው ብዬ ያለፍኩት ነገር ለካ ዓይን አለው!»

በሠላሳ ዓመት ውስጥ ያየችውን ተመልሳ የነገረችው የመጀመሪያዋ ደንበኛ እሷ ነበረች። በሁለተኛው ወር እሱም ውሃ ውስጥ ነበር።

የመጥለቅ ሕግ እንዲህ ነው፦ ብቻውን የሚወርድ የለም። እያንዳንዱ ጠላቂ ጥንድ አለው፤ ጥንድህ ከዓይንህ አይጠፋም፣ አንተም ከዓይኑ አትጠፋም። አንዱ ከተመለሰ ሌላውም ይመለሳል፤ ክርክር የለም። አፍ መተንፈሻውን ነክሶ ስለሚውል ወሬም የለም፤ ያለው እጅ ነው። አውራ ጣትና ሌባ ጣት ገጥመው ቀለበት ሲሠሩ «ደህና ነህ?» ማለት ነው። መልሱም ያው ቀለበት ነው። ከላይ አካባቢ በየአምስት ደቂቃው ይጠያየቃሉ። ከሃያ ሜትር በታች በየሁለት ደቂቃው። ከሠላሳ በታች በየደቂቃው።

አለቃ ይህን ስታስተምር ሌሎቹ ተማሪዎች ጥልቁ ምን ያህል አደገኛ እንደሆነ ገባቸው። መነጽር ሠሪው ግን በልቡ ሌላ ስሌት ሠራ፦ በወረድክ ቁጥር ጠያቂህ ይበዛል።

አይፈረድበትም። በየብስ ላይ ሰላምታ መች ጠፋ! ቁልፍ ቀራጩ በየጠዋቱ ማሽኑን ሳያቆም «እንዴት አደሩ?» ይለዋል፤ መልሱን ግን ማሽኑ ይበላዋል። የውሃ ውስጥ ጠያቂ እንዲህ አይደለም። ቀለበቱን ካልመለስክለት ይመጣል፣ ትከሻህን ይይዛል፣ ግንባሩን ግንባርህ ላይ ሊያስነካ እስኪቀርብ ድረስ ዓይንህን አንድ በአንድ ያይልሃል። የመነጽር ሠሪው ጥንድ አንድ የጥርስ ሐኪም ነበር። መንገድ ላይ ሲገናኙ «አለህ?» ብሎ የሚያልፍ ሰው ነው፤ ሁለቱ በየብስ ላይ የተለዋወጡት ቃል ቢሰበሰብ አንድ ጥርስ አያስነቅልም። ውሃ ውስጥ ግን እናት እንደዚያ አታይም።

ጠላቂዎቹ «ግድግዳው» የሚሉት ቦታ ከወደቡ በጀልባ የግማሽ ሰዓት መንገድ ነው። የባሕሩ ወለል ስምንት ሜትር ላይ ተዘርግቶ ይሄድ ይሄድና እንደ ሕንጻ ጣሪያ ድንገት ይቆረጣል። ከዚያ በኋላ ቁልቁል ብቻ ነው፤ መጨረሻውን ያየ የለም። አርባ ሜትር ላይ ከግድግዳው የወጣች እንደ በረንዳ ያለች ጠርዝ አለች። እሷ ላይ በር የምታህል፣ እንደ ማራገቢያ የተዘረጋች የባሕር ፍጥረት ቆማለች፤ ዛፍ ትመስላለች እንጂ ዛፍ አይደለችም። ማራገቢያዋን ያየ፣ አየ ይባላል። ያላየ ደግሞ ማኅበሩ ሻይ ሲጠጣ አንገቱን ደፍቶ ስኳሩን ያማስላል። መነጽር ሠሪው ሁለት ዓመት ስኳር አማስሏል። የጥርስ ሐኪሙም እንዲሁ።

ለሐሙስ አምስት ሰዎች ተመዘገቡ። አለቃ ከሁለት ሳምንት በፊት አንድ በአንድ ሠላሳ አምስት ሜትር አውርዳ ፈተነቻቸው። ውሃ ውስጥ የሚጻፍበት ትንሽ ሰሌዳ አላት፤ «አሥራ ሰባት ሲደመር ሃያ ስድስት» በቁጥር ጽፋ ለመነጽር ሠሪው ሰጠችው። ልጅ የሚሠራው ሒሳብ! ወዲያው ጻፈላት፣ ከሥሩም ሁለት ጊዜ አሰመረበት። ጀልባው ላይ ሲወጡ ሰሌዳውን ጉልበቱ ላይ አስቀመጠችለት።

«እስቲ ያንብቡልኝ፣ ጋሼ።»

«ሃምሳ ሦስት።»

«አሁንም?»

በጣቱ ቆጠረ። «አርባ ሦስት ነው። ሰሌዳው ተነክቶ ይሆናል… ውሃው…»

«ውሃው ነው የደመረው?» አለ የጥርስ ሐኪሙ፣ ጀልባውም በሳቅ ተንጫጫ።

አለቃ አልሳቀችም። «ሁሉም ይሳሳታል። እኔም እሳሳታለሁ። የሚያስፈራኝ ስህተቱ አይደለም፤ ይቺ ናት» ብላ ጣቷን ሁለቱ መስመሮች ላይ አሳረፈች። «እዚያ ታች አየሩ ራስ ላይ ይወጣል ሲሉ ሰምተው ይሆናል። ያሰክራል ይላሉ። እኔ ያየሁት እሱን አይደለም ጋሼ። ጥልቁ ሰውን እርግጠኛ ነው የሚያደርገው። ላይ አንድ ሰዓት የሚያቆይ አየር እዚያ አሥራ ሁለት ደቂቃ ነው፤ እርግጠኛ የሆነ ሰው ደግሞ መለኪያውን አያይም።»

መነጽር ሠሪው ሁለቱን መስመሮች በአውራ ጣቱ ጠርጎ ሰሌዳውን መለሰላት።

ቅጽ ሞሉ። ስም፣ ዕድሜ፣ የደም ግፊት። የመጨረሻው መስመር «ባልመለስ የሚደወልለት ሰው» ይላል። ጀልባው እየተናወጠ፣ እጁ እየራሰ፣ ብዕሩን መስመሩ ላይ አሳርፎ አንድ ስልክ ቁጥር ጻፈ። ቁጥሩ እንዴት እንደመጣለት አላሰበበትም፤ እጁ ራሱ ነው የጻፈው።

ሰኞ ረፋድ ላይ የሱቁ ስልክ ጮኸ።

«ሀሎ፣ የመነጽር ሱቅ።»

«ጤና ይስጥልኝ፣ ከጠላቂዎች ማኅበር ነው። ሐሙስ ግድግዳው ላይ የሚወርድ አንድ አባል አለን፤ አያድርገውና ቢዘገይ በዚህ ቁጥር ደውሉ ብሎ ስለነበር ለማረጋገጥ…» ድምፁ ቆመ። «ጋሼ?»

«አቤት፣ አለቃ።»

«እርስዎ ነዎት እንዴ?»

«እኔው ነኝ።»

ከመጋረጃው ኋላ የመፍጫው ውሃ ጠብ ጠብ ይላል።

«እና እርስዎ ባሕር ቢቀሩ» አለች አለቃ፣ ቃላቱን እየመረጠች፣ «ለእርስዎ ደውዬ፣ እርስዎ እንደቀሩ ለእርስዎ ልንገርዎት?»

መጀመሪያ የሳቀው እሱ ነው። ከዚያ እሷ ፈነዳች፤ ሁለቱም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ። መጀመሪያ ያቆመውም እሱ ነው።

«ቢያንስ» አለ፣ «በጣም አልደነግጥም ነበር።»

«እስከ ሐሙስ ጠዋት ጊዜ አለዎት፣ ጋሼ» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ። «የሰው ስም። ተጠይቆ እሺ ያለ ሰው። አለበለዚያ ጀልባው ላይ አላወጣዎትም፤ ቢቆጡም ይቆጡ።»

ስልኩን ዘግቶ ተቀመጠ። ሰው መቁጠር ጀመረ። የጥርስ ሐኪሙ? እሱ አብሮ ውሃ ውስጥ ነው። የሚስቱ ዘመዶች? ከተማውን ከለቀቁ ቆዩ። ቁልፍ ቀራጩ? አሥራ አንድ ዓመት አጠገብ ለአጠገብ ሲሠሩ ስሙን አያውቅም፤ ዛሬ ተነስቶ «ብሞት ላንተ ይደወል?» ይበለው? ጣቶቹ ሳያልቁ ሰዎቹ አለቁ። እህቱ ቀረች።

እህቱ ከስልክ ቤት በጡረታ የወጣች ኦፕሬተር ናት። ከሦስት ዓመት በፊት የሐኪም ወረቀት ይዛ መጥታ መነጽር ሠራላት። በሦስተኛው ቀን ተመለሰች፤ ወለሉ ያዘነብላል አለች። እሱም በደንበኞች ፊት፣ አፉን ሞልቶ፣ «የሚያዘነብለው ዓይንሽ ነው፣ መነጽሩማ ልክ ነው» አላት። መነጽሩን አፍንጫዋ ላይ መልሳ፣ አንዲት ቃል ሳትናገር፣ የበሩን መቃን ዳብሳ ወጣች። በዚያው ቀረች።

በወሩ ወረቀቶች ሲያስተካክል የሐኪሙን ጽሑፍ አገኘው። ሌንሱ የሚዞርበት አንግል መቶ ስልሳ አምስት ነው የሚለው። እሱ ስድስቷን አራት አድርጎ አንብቦ በመቶ አርባ አምስት ቆርጦታል። ከወረቀቱ ጥግ የራሱ ምልክት አለ፦ «ልክ ነው»፤ ከሥሩ ሁለት መስመር። ወረቀቱን አጥፎ የብሎን መሳቢያ ውስጥ ከተተው። ሄዶ መናገር ነበረበት። ነገ እሄዳለሁ አለ፤ ነገ ደግሞ ሦስት ዓመት ሆነ። ያሳፈረው ስህተቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ ይቀል ነበር። ያችን አፉን ሞልቶ የተናገራትን ቃል ምን ያድርጋት?

ማክሰኞ በእኩለ ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ ወረቀቱን ደረት ኪሱ ከትቶ፣ አውቶቡስ ተሳፍሮ ሄደ። ሦስተኛ ፎቅ። በሩ ተከፈተ።

«ማን ሞተ?» አለች እህቱ።

«ማንም አልሞተም፣ እትዬ።»

«ታዲያ ምን እግር ጣለህ?»

ያንኑ መነጽር አድርጋለች። አንገቷ ወደ ግራ ዘንበል ብሏል፤ የሚሰማት አይመስልም። ሌላ ሰው ቢሆን እርጅና ይለው ነበር። እሱ ግን የሙያ ሰው ነው፤ ያየው ሃያ ዲግሪውን ነው። ወደ ውስጥ ሲገባ ደግሞ ባሰበት። የቀን መቁጠሪያው፣ የእናታቸው ፎቶ፣ መስታወቱ፣ ሁሉም ወደ አንድ ጎን ተጣመው ተሰቅለዋል። ቤቱ በሙሉ የእሱን ስህተት ለብሶ ቆሟል።

ሳይቀመጥ ወረቀቱን አወጣ። «ስድስት ነበረች፣ እኔ አራት ብዬ አነበብኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው። ዓይንሽ ምንም አልነበረም።»

ወረቀቱን አላየችም፤ እሱን ነው ያየችው። «መቼ አወቅህ?»

«በወሩ።»

«በየትኛው ወር?»

«በዚያኛው… የዛሬ ሦስት ዓመት።»

«ሦስት ዓመት!» እጇ ጠረጴዛውን መታ። «ሦስት ዓመት ሙሉ ደረጃ ስወርድ ግድግዳ ዳብሼ! ያቺ የምድር ቤቷ ‹እትዬ ከጠዋቱ ነው እንዴ የሚቀምሱት› እያለች ስታሾፍብኝ! ራስ ምታቱን እንኳ ተወው!»

«ለምን ታዲያ ሌላ ሠሪ ጋ አልሄድሽም?»

ሞኝ ሰው እንደሚታይ አየችው። «ወንድሟ መነጽር ሠሪ ሆኖ ሌላ ጋ ሄዳ አሠራች ይበሉ? እህቱ ያላመነችውን ማን ያምነዋል? ሱቅህን ማን ይረግጥልህ ነበር? አንተ ጅል!»

ወረቀቱን አጥፎ መልሶ ዘረጋው። እሷ ግን ሠላሳ ሁለት ዓመት በጆሮ የኖረች ሴት ናት፤ ዝምታም ታዳምጣለች።

«ይሄን ብቻ ልትነግረኝ አልመጣህም» አለች። «ሁለተኛውንም አውጣው።»

አወጣው። ግድግዳውን፣ አርባ ሜትሩን፣ ማራገቢያዋን፣ ቅጹን ነገራት።

«አንተ? በልጅነትህ እግርህን ሲያጥቡህ ሰፈር የምትሰበስበው? ምን አለ እዚያ?»

ስለ ማራገቢያዋ ሊነግራት ጀመረና ተወው። «በየደቂቃው ደህና ነህ ወይ ይሉኛል» አለ።

«ስሜን አትጽፍም» አለች እህቱ። «ሠላሳ ሁለት ዓመት የሰው መርዶ ሳገናኝ ኖሬያለሁ። ‹ይጠብቁ፣ አገናኛለሁ› እያልኩ። ገመዱን የምሰካው እኔ፣ ልቅሶውን ቀድሞ የሚሰማው የእኔ ጆሮ። የራሴን መርዶ ግን በስልክ አልቀበልም። ሌላ ሰው ፈልግ።»

ከዚያ መነጽሯን አወለቀች፣ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችና ዘረጋችለት። «ይልቅ ይሄን ውሰድ። ዓርብ ትመልሰዋለህ፤ አንተው ራስህ፣ በእግርህ። እስከዚያ ከቤት አልወጣም። መነጽሬን ይዘህ ባሕር ብትቀር በሰማይም አልምርህም።»

«አዲሱ መጀመሪያ ላይ ያዘነብልብሻል» አለ በፍርሃት። «ዓይንሽ የተሳሳተውን ለምዶታል።»

«ልክ የሆነው ነው የሚያዘነብለው?»

«ለአንድ ሳምንት።»

«እናትዬን! ከአንተ ጋር መዛመድ እንዴት ያለ ሥራ ነው!» በሩን ከፈተችለት። «ስትወጣ ደግሞ ራስህ ደውል። ሰው አታስደውል። ራስህ።»

ረቡዕ ሌንሱን ከመፍጨቱ በፊት ወረቀቱን መብራት ሥር ዘረጋ። ስድስት ነው። እርግጠኛ ነው። ብዕሩን አነሳ፤ ሊያሰምር ነበር። እጁ አየር ላይ ቀረ። ተነስቶ ጎረቤቱ ሄደ።

«ይቅርታ፣ ወንድሜ፣ ይቺ ቁጥር ምን ትላለች?»

ቁልፍ ቀራጩ በአሥራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ማሽኑን አጠፋ። «ስድስት። ምነው፣ መነጽር ሠሪውም ማየት አቃተው?»

«አዎ፣ አቃተኝ።» ከዚያ አፉ ሳያስፈቅደው ስለ ቅጹ ጠየቀው። ሰውዬው እጁን ሱሪው ላይ ጠርጎ፣ «ምን ችግር አለው? ጻፉት» ብሎ ቁጥሩን ነገረውና ማሽኑን መልሶ አስነሳ። አሥራ አንድ ዓመት ያልተጠየቀው ነገር አንድ ደቂቃ አልፈጀም! መነጽር ሠሪው በዚያ ትንሽ ደስታ ውስጥ ሆኖ ሌንሱን ፈጨ፤ አንግሉን ለካ፣ ተነስቶ ሻይ ጠጣ፣ ተመልሶ እንደ አዲስ ለካ።

ሐሙስ ጠዋት አለቃ ቅጹን አነበበች፣ ራሷን በእሺታ ነቀነቀች፣ እሱም ተሳፈረ። ባሕሩ እንደ መስታወት ተኝቷል። ወረዱ። ስምንት ሜትር ላይ ወለሉ አለቀና እግራቸው ሥር ሰማያዊ ባዶ ተከፈተ። አሥራ አምስት፣ ቀይ ቀለም ጠፋ። ሃያ፣ የጥርስ ሐኪሙ ቀለበት ሠራ፤ መለሰለት። ሃያ አምስት፣ መለሰለት። ሠላሳ። ከሥር አለቃና ሌሎቹ ሦስቱ እንደ ጥላ ይታዩታል፤ አረፋቸው እየተንከባለለ ፊቱን አልፎ ይወጣል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይሉ የለ? ደረቱ በደስታ ሞላ። ምንም ክፉ ነገር ሊደርስበት አይችልም። ማራገቢያዋ ትጠብቀዋለች፤ እህቱ ይቅር ብላዋለች፤ አየሩ በቂ ነው።

ሠላሳ አንድ ላይ የጥርስ ሐኪሙ ዞረ። ቀለበት። ዓይኑን ከዓይኑ ሳይነቅል ጠበቀ።

ደህና ነኝ? እጁ ለመልሱ ተነሳ። ደህና ነኝ፣ በጣም ደህና ነኝ፣ እርግጠኛ ነኝ አለ በልቡ። እና ያቺን ነገር አወቃት። ሰሌዳው ላይ ያሰመረበት፣ ወረቀቱ ጥግ ያሰመረበት፣ በደንበኞች ፊት አፉን ሞልቶ የተናገረበት እርግጠኝነት ራሷ ናት፤ ሽታዋ እንኳ ያው ነው። መለኪያውን አየ። በቂ ነው ያለው አየር ከገመተው በታች ነበር። ገና የሚያስፈራ አይደለም፤ ከገመተው በታች ግን ነበር። እዚህ «ይቺን አንብብልኝ» የሚሉት ቁልፍ ቀራጭ የለም።

አውራ ጣቱን ወደ ላይ ቀሰረ። እንውጣ።

የጥርስ ሐኪሙ በመስታወቱ ውስጥ ዓይኑን አፈጠጠ። ወደ ታች ጠቆመው፦ ዘጠኝ ሜትር! መነጽር ሠሪው አውራ ጣቱን አላወረደም። ሕጉ ሕግ ነው፤ ሐኪሙ ለአለቃ ምልክት ሰጥቶ አብሮት ዞረ። መልስ መንገዱን ሁሉ በየሁለት ደቂቃው ጠየቀው፤ ቀለበቱን ግን ፊቱን ሳያዞር ነበር የሚሠራው።

ጀልባው ላይ የሐኪሙ የመጀመሪያ ቃል «ሁለት ዓመት ጠብቄያት» የሚል ነበር። የመጨረሻውም እሱ ነበር። ሌሎቹ ማራገቢያዋን አይተው፣ እየጮኹ፣ እጃቸውን እየዘረጉ ስፋቷን እያሳዩ ወጡ። አለቃ አጠገቡ ተቀመጠች።

«ምን ሆኑ?»

«ምንም አልሆንኩም። በጣም እርግጠኛ ነበርኩ፤ የመለሰኝ ይኸው ነው።» ትንሽ ቆይቶ ጨመረ፣ «ለእናንተ ደግ ነገር ነው፣ አለቃ። የምትወርዱት ልታዩ ነው። እኔ የምወርደው ልጠየቅ ነበር። ለዚያ አርባ ሜትር ሩቅ ነው።»

አለቃ ትከሻውን ቸብ አደረገችው። «ሐኪሙ ይረሳዋል» አለች። ሁለቱም ቶሎ እንደማይረሳው ያውቃሉ።

ወደቡ ላይ ሁሉም ዕቃውን ተሸክሞ እየተንጫጫ ወደ ሻዩ ሄደ። የጥርስ ሐኪሙ «አለህ?» እንኳ ሳይል አልፎት ሄደ። መነጽር ሠሪው የአየር ሲሊንደሩ ላይ ተቀምጦ፣ ጣቱን ፎጣ ላይ አድርቆ፣ ደወለ።

ገና በመጀመሪያው ጥሪ ስልኩ ተነሳ። «ሀሎ!»

«ወጣሁ፣ እትዬ።»

«ስንት ወረድክ?»

«ሠላሳ አንድ።»

«አርባ አላልክም?»

«ተመለስኩ።»

«ታዲያ ለሠላሳ አንድ ነው ሁለት ቀን እንቅልፍ የነሳኸኝ?» አለች፤ ትንፋሿ ግን በረጅሙ ወጣ። ከዚያ፣ «ደህና ነህ?»

ቀኝ እጁ ከጉልበቱ ተነስቶ አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጠመ። ቀለበቱን ወደ ባሕሩ ይዞ ቆየ።

«ሀሎ? መልስ እንጂ፤ አልሰማሁህም!»

አልዘጋችም። መስመሩ ላይ ትንፋሿ ይሰማል፤ ትጠብቃለች።

«ደህና ነኝ» አለ።

«መነጽሬን ነገ» አለችና ዘጋች።

ከሻይ ቤቱ የሌሎቹ ሳቅ ይሰማል። ትንሽ ተቀመጠ፤ ከዚያ ተነስቶ ሲሊንደሩን ለብቻው ተሸክሞ ወደ ማጠቢያው ሄደ። ከባድ ነበር።